ፍለጋንና የጠቋሚ እንቅስቃሴን በስክሪፕት ለማዘዝ የትኛው አርታኢ ይመረጣል? ኢማክስ፣ ቪም፣ ኒኦቪም እና ቪኤስ ኮድ በንጽጽር

በፕሮግራም የሚታዘዝ የጽሑፍ አርታኢ ለመምረጥ ሲታሰብ ክርክሩ ወዲያው ወደ ቋንቋ ያመራል። ሊስፕ በቅንፍ የተሞላ ነው፣ ጃቫስክሪፕትን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሉአ ቀላልና ፈጣን ነው ይባላል። ሊጻፍ የታሰበው ስክሪፕት ጽሑፍ ውስጥ የሚፈልግና ጠቋሚን የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ግን ቋንቋው ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ቋንቋ ይለመዳል። አርታኢው ቦታን የሚያይበት መንገድ ግን ከስክሪፕቱ ጋር እስከ መጨረሻው ይኖራል።

ስለዚህ ከምርጫ በፊት አራት ነገር መጠየቅ ይገባል። ፍለጋው ሲሳካ ጠቋሚው የት ላይ ይቀመጣል? ሳይሳካ ሲቀር ምን ይሆናል? ቦታ የሚቆጠረው በፊደል ነው ወይስ በባይት (ፊደሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ በሚይዘው መጠን)? ጽሑፉ በመካከል ሲያጥር ወይም ሲረዝም ቀድመን የያዝነው ቦታ አብሮ ይንቀሳቀሳል ወይስ ባለበት ይቀራል? ከዚህ በታች የቀረቡት አርታኢዎች በእርግጥ የሚለያዩት በእነዚህ መልሶች ነው።

የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ በአርታኢው ውስጥ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

መፈተኛው ሥራ

በአማርኛ የሚጽፍ ሁሉ የሚያውቀውን ችግር ለመፈተኛ እንውሰድ። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ደጋግሞ በመምታት ይጽፈዋል። ለዓይን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ለፍለጋ ግን «።» እና «፡፡» ፈጽሞ የማይገናኙ ናቸው። ስክሪፕታችን በፋይሉ ያለውን «፡፡» ሁሉ ወደ «።» ይለውጥ። ሦስት ግዴታም እንጫንበት። በ«```» ተከፍተው በ«```» የሚዘጉ የኮድ ክፍሎች አይነኩ። ጠቋሚው ስክሪፕቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረበት ፊደል ላይ ይቆይ። ለውጡ በሙሉ በአንድ ትእዛዝ የሚቀለበስ ይሁን።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ፈተናው ያለው በቦታ አያያዝ ላይ ነው። መደበኛዎቹ የግዕዝ ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቦች በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የጽሑፍ ማከማቻ ስልት) እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። እያንዳንዱ ለውጥ ጽሑፉን በ1 ፊደል፣ በባይት ሲቆጠር በ3፣ ያሳጥረዋል ማለት ነው። ከጠቋሚው በፊት 40 «፡፡» ቢኖሩና ስክሪፕቱ የጠቋሚውን ቦታ በቁጥር ብቻ መዝግቦ ቢሆን፣ ሲመለስ ጠቋሚውን ከቦታው 40 ፊደል አሳልፎ ያስቀምጠዋል።

ኢማክስ፦ ጠቋሚው ራሱ የሚሠራበት

ዛሬ የምንጠቀምበት ግኑ ኢማክስ እ.ኤ.አ. በ1985 በሪቻርድ ስቶልማን የወጣ ነው። በውስጡ የጠቋሚው ቦታ «ፖይንት» ይባላል፤ ቁጥሩ ከ1 ይጀምራል፤ የሚቆጠረውም በፊደል ነው። አንድ የግዕዝ ፊደልና አንድ የላቲን ፊደል እኩል አንድ ናቸው። ፖይንት ምንጊዜም በሁለት ፊደላት መካከል ነው ያለው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ከእሱ ቀጥሎ ባለው ፊደል ላይ ነው። ይህን አስቀድሞ የያዘ ሰው የአንድ ፊደል መዛነፍ ከሚያመጣቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ያመልጣል።

ሰርች-ፎርዋርድ ሲሳካ ፖይንትን ከተገኘው ጽሑፍ ማብቂያ ላይ ያደርሰዋል፤ ሰርች-ባክዋርድ ደግሞ ከመጀመሪያው ላይ ያቆመዋል። ሁለቱም ሳይሳካላቸው ሲቀር ስህተት አሰምተው ስክሪፕቱን ያስቆማሉ። ሦስተኛው አርጉመንት «ቲ» ከሆነ ግን ጠቋሚውን ሳይነኩ «ኒል» ይመልሳሉ፤ ከሁለቱ የተለየ ዋጋ ከተሰጣቸው ደግሞ እስከተፈቀደላቸው ወሰን ሄደው ይቆማሉ። ፍለጋውን እየደጋገመ ለሚሠራ ዙር የሚሆነው «ቲ» ነው። መፈተኛው ሥራችን በኢማክስ ይህን ይመስላል፦

(ሌት ((ውስጥ ኒል))
  (ሴቭ-ኤክስከርዥን
    (ጎቱ-ቻር (ፖይንት-ሚን))
    (ዋይል (ሪ-ሰርች-ፎርዋርድ "^```\\|፡፡" ኒል ቲ)
      (ኮንድ
        ((ኢኳል (ማች-ስትሪንግ 0) "```") (ሴትኪው ውስጥ (ኖት ውስጥ)))
        ((ኖት ውስጥ) (ሪፕሌስ-ማች "።"))))))

«ውስጥ» የሚለው ተለዋዋጭ በእርግጥም በግዕዝ ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ ኢማክስ ሊስፕ ይቀበለዋል። ዙሩ አንድ ፍለጋ ብቻ ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል። የኮድ አጥር ሲያገኝ መግባቱን ወይም መውጣቱን ይመዘግባል፤ «፡፡» ሲያገኝ ደግሞ ከኮድ ክፍል ውጭ ከሆነ ይለውጣል። ስክሪፕቱ እንደ አንባቢ ጽሑፉን እየተከተለ ነው የሚሠራው፤ ለእኔ የኢማክስ ትልቁ ውበት ይህ ነው።

ሴቭ-ኤክስከርዥን ያለውን ድርሻ ልብ በሉ። የሚያስቀምጠው ቁጥር ሳይሆን ማርከር ነው። ማርከር ከጽሑፉ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ከእሱ በፊት አንድ ፊደል ሲጠፋ በአንድ ይቀንሳል። ስለዚህ ከላይ የጠቀስነው የ40 ፊደል መዛነፍ እዚህ አይከሰትም፤ ጠቋሚው ያው ፊደል ላይ ይገኛል። ስክሪኑም የሚታደሰው ትእዛዙ ሲያበቃ ስለሆነ ተጠቃሚው መሀል ላይ የነበረውን ሩጫ አያይም። በአንድ ትእዛዝ የተደረገ ለውጥ በአንድ ጊዜ ይቀለበሳል። ሦስቱም ግዴታዎች ያለ ተጨማሪ ድካም ተሟሉ።

ጥንቃቄ የሚጠይቁት ነገሮችም አሉ። ሥራውን በተመረጠ ክፍል ብቻ ለመወሰን የክፍሉን መጨረሻ በቁጥር ለፍለጋው ብትሰጡት፣ ጽሑፉ ባጠረ ቁጥር ወሰኑ ከክፍሉ አልፎ ይሄዳል፤ ወሰኑም በኮፒ-ማርከር ተሠርቶ ሊሰጥ ይገባዋል። የፍለጋ ውጤት ዝርዝር ደግሞ ለመላው አርታኢ አንድ ብቻ ነው፤ ከፍለጋውና ከሪፕሌስ-ማች መካከል የጠራችሁት ሌላ ፈንክሽን በውስጡ ቢፈልግ የእናንተን ውጤት ይደመስሰዋል። እንዲህ ያለውን ጥሪ በሴቭ-ማች-ዴታ መሸፈን ነው። ተጠቃሚው ባፈሩን (የተከፈተውን ጽሑፍ) አጥብቦ እየሠራ ከሆነ ፖይንት-ሚን የሚሰጠው የጠበበውን ክፍል መጀመሪያ ነው። ይህን ማክበርም ሆነ በዋይደን መክፈት የእናንተ ውሳኔ ነው፤ ሳይታሰብበት ሲቀር ነው ችግር የሚሆነው።

ለእጅ የተሠሩ ትእዛዞችን በስክሪፕት አትጥሩ። ቢጊኒንግ-ኦቭ-ባፈር ጠቋሚውን ወደ መጀመሪያ ሲወስድ የተጠቃሚውን ማርክ (ምልክት ያደረገበትን ቦታ) ይለውጣል፤ ኔክስት-ላይን ደግሞ በስክሪኑ ላይ በታጠፈው መስመር ሊመራ ይችላል። በምትካቸው ጎቱ-ቻር እና ፎርዋርድ-ላይን አሉ። ፎርዋርድ-ላይንም የራሱ ጠባይ አለው፤ የመጨረሻው መስመር ባዶ ካልሆነ ያለ አዲስ መስመር ምልክት ቢያበቃም እንደ አንድ የተሳካ እርምጃ ይቆጥረውና ዜሮ ይመልሳል። ዙሩን በሚመልሰው ቁጥር ላይ ከመመሥረት የባፈሩ መጨረሻ መድረሱን መጠየቅ ይሻላል።

ወደ ኋላ የሚሄድ የሬጉላር ኤክስፕረሽን (የጽሑፍን ቅርጽ የሚገልጽ ሐረግ) ፍለጋም ብዙዎችን ያደናግራል። «፡፡፡» ተጽፎ ጠቋሚው ከኋላው ቢሆንና «፡+» (አንድ ወይም ከዚያ በላይ «፡») ብላችሁ ወደ ኋላ ብትፈልጉ ሦስቱንም አታገኙም፤ የመጨረሻዋን አንዷን ብቻ ነው የምታገኙት። ኢማክስ ወደ ኋላ የሚሄደው መነሻ ቦታ ለመፈለግ ነው፤ ከተገኘው መነሻ ማዛመድ የሚጀምረው ግን ወደ ፊት ነው። ሙሉውን ለማግኘት ስኪፕ-ቻርስ-ባክዋርድ ይሻላል።

ቪም፦ መስመርና ዓምድ

ቪም እ.ኤ.አ. በ1991 በብራም ሞሌናር የወጣ ሲሆን የቀደመውን አርታኢ የቪአይን ጠባይ ወርሷል። እዚህ ቦታ ሁለት ቁጥር ነው፤ መስመርና ዓምድ። ሁለቱም ከ1 ይጀምራሉ። ዓምዱ የሚቆጠረው ግን በባይት ነው። የመስመሩ ሦስተኛ የግዕዝ ፊደል ያለው ዓምድ 7 ላይ ነው። በፊደል የሚቆጥሩ እንደ ቻርኮል እና ሴትከርሰርቻርፖስ ያሉ ፈንክሽኖች ኋላ ላይ ተጨምረዋል፤ ነባሮቹ ስክሪፕቶች ግን በባይት እንደተጻፉ ናቸው። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ጽሑፍ ላይ ቪምን ለሚያዝ ሰው ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ነው።

ሰርች የተባለው ፈንክሽን ጠቋሚውን የተገኘው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያደርግና የመስመሩን ቁጥር ይመልሳል፤ ካጣ ዜሮ ይመልሳል፤ ስህተት አያሰማም። ጠባዩ የሚወሰነው በፊደል ምልክቶች ነው። «ቢ» ወደ ኋላ ያስኬደዋል፤ «ኢ» በተገኘው መጨረሻ ላይ ያቆመዋል፤ «ኤን» ጠቋሚውን ሳያንቀሳቅስ መልስ ብቻ ያመጣል፤ «ሲ» ጠቋሚው ያለበትን ቦታ ጭምር ይቀበላል፤ ትልቁ «ደብልዩ» ከፋይሉ መጨረሻ ዞሮ ወደ መጀመሪያ እንዳይመለስ ያግደዋል። ያለ ትልቁ «ደብልዩ» የተጻፈ ዙር የሚመራው በተጠቃሚው ምርጫ ነው፤ ፍለጋው ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ እንዲዞር ያደረገ ተጠቃሚ ጋ ሲደርስ ማብቂያ የለውም። «ሲ» ካልተሰጠው ደግሞ በፋይሉ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ያለውን ይዘልለዋል፤ በየዙሩ ከተሰጠውና ጽሑፉ ካልተለወጠ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። መፍትሔው ለመጀመሪያው ጥሪ ብቻ «ሲ» መስጠት ነው።

ሌላው ቀርቶ የትልቅና የትንሽ የላቲን ፊደል ልዩነትና የልዩ ምልክቶች ትርጉም እንኳ በተጠቃሚው ምርጫ ይለወጣል። ለሌሎች የሚሰጥ ስክሪፕት እነዚህን በፍለጋው ሐረግ ውስጥ በግልጽ ሊደነግግ ይገባል። ኖርማል በሚባለው ትእዛዝ የቁልፍ ምቶችን ማስኬድም ይቻላል፤ የቃለ አጋኖ ምልክት ካልተጨመረበት ግን የተጠቃሚው የተለወጡ ቁልፎች ይገቡበታል።

መፈተኛውን ሥራ በቪም ስንሠራው በጠቋሚ መሄድ አያስፈልግም። መስመሮቹን በጌትላይን አንድ በአንድ ማንበብ፣ በ«```» የሚጀምር መስመር ሲገኝ ምልክት መቀየር፣ ከኮድ ውጭ ያለውን መስመር በሰብስቲቲዩት ለውጦ በሴትላይን መመለስ ይበቃል። ቪም ለመስመር የተሠራ ስለሆነ ይህ ከኢማክሱ ይልቅ ቀጥተኛ ነው። ጠቋሚውም መስመሩን አይለቅም። ዓምዱ ግን የባይት ቁጥር ስለሆነ ባለበት ይቀራል፤ በዚያው መስመር ከጠቋሚው በፊት ሁለት «፡፡» ከተለወጡ ጠቋሚው ሁለት ፊደል ወደ ቀኝ ተዛንፎ ይገኛል። ዊንሴቭቪው እና ዊንሬስቶርቪው የስክሪኑን አቀማመጥ ጭምር ይጠብቃሉ፤ የሚያስቀምጡት ግን ያንኑ ቁጥር ነው። ሦስተኛ መንገድ የሚመስለው ማርክም አያድንም፤ መስመር ሲጨመርና ሲቀነስ ይከተላል እንጂ በአንድ መስመር ውስጥ ዓምዱን አያስተካክልም። ስለዚህ ከጠቋሚው በፊት በመስመሩ የተደረጉትን ለውጦች ቆጥሮ በእያንዳንዱ 3 ባይት መቀነስ ግድ ይላል። ከባድ አይደለም፤ ግን ራሳችሁ ማስታወስ አለባችሁ።

ቪም ከሁሉ የሚበልጥበት ሁለት ነገር አለ። ሰርችፔር ተከፍተው የሚዘጉ ጥንዶችን እየቆጠረ ትክክለኛውን አቻ ያገኛል፤ በጥቅስ ወይም በማብራሪያ ውስጥ ያሉትን እንዲዘልል የሚነገርበት ቦታም አለው። በተጨማሪም ሰርች በሚሊሰከንድ የሚለካ የጊዜ ገደብ ይቀበላል። ተጠቃሚው ቁልፍ በመታ ቁጥር የሚሠራ ስክሪፕት ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ከቪም 9.0 ጋር የመጣው ቪም9 ስክሪፕት ፈንክሽኖችን አስቀድሞ ስለሚያጠናቅር ከድሮው ከ10 እስከ 100 እጥፍ ሊፈጥን እንደሚችል ሰነዱ ይገልጻል። በስትሪንግ (ፕሮግራሙ በያዘው ጽሑፍ) ውስጥ በፊደል መቁጠርንም አምጥቷል። የጠቋሚው ዓምድ ግን አሁንም ባይት ነው።

ኒኦቪም

እ.ኤ.አ. በ2014 ከቪም ተገንጥሎ የተጀመረው ኒኦቪም ከ0.5 እትሙ ወዲህ፣ ማለትም ከ2021 ጀምሮ፣ ሉአን ዋና የማዘዣ ቋንቋው አድርጓል። የቪም ፈንክሽኖች በሙሉ ከሉአ ይጠራሉ፤ ስለዚህ ስለ ሰርች የተባለው ሁሉ እዚህም ይሠራል።

ችግሩ የቁጥሮች መብዛት ነው። የመስኮቱን ጠቋሚ የሚሰጠው ፈንክሽን መስመርን ከ1፣ ዓምድን ከ0 ይቆጥራል። ጽሑፍ የሚለውጠው ኤንቪም-በፍ-ሴት-ቴክስት ሁለቱንም ከ0 ይጀምራል። ከቪም የተወረሱት ሁለቱንም ከ1 ይጀምራሉ። ሦስቱ በአንድ ስክሪፕት ሲገናኙ አንድ መደመር ወይም አንድ መቀነስ የተረሳበት ቦታ አይጠፋም። በስክሪፕቱ ውስጥ አንድ አቆጣጠር መርጦ፣ ልውውጡን በሁለት ትንንሽ ፈንክሽኖች ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ እመክራለሁ።

የሉአ የራሱ የማዛመጃ ሐረግ ደግሞ ሬጉላር ኤክስፕረሽን አይደለም። «ይህ ወይም ያ» የሚል አማራጭ የለውም፤ የሚያየውም ባይት ብቻ ነው። «፡፡» የሚለውን ቀጥተኛ ጽሑፍ ያለ ችግር ያገኛል። «[፡።]» ብትሉት ግን አደጋ ነው፤ ሁለቱን ምልክቶች ሳይሆን የተሠሩባቸውን ባይቶች ስብስብ ነው የሚወስደው። የመደበኛው የግዕዝ ክፍል ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ስለሆነ ማንኛውም የአማርኛ ፊደል ይዛመዳል፤ ለውጥ ከተደረገበት ፊደሉ ተሰንጥቆ ጽሑፉ ይበላሻል። በኒኦቪም ከላቲን ውጭ ባለ ጽሑፍ ላይ ለመፈለግ የቪምን ሬጉላር ኤክስፕረሽን በቪም-ሬጅኤክስ ወይም በሰርች በኩል ተጠቀሙ።

በአንጻሩ ኒኦቪም ለቪም የጎደለውን አምጥቷል። ኤክስትማርክ ልክ እንደ ኢማክስ ማርከር በመስመር ውስጥ ጭምር ከጽሑፉ ጋር ይንቀሳቀሳል። በመፈተኛው ሥራ ጠቋሚው ባለበት አንድ ኤክስትማርክ መትከል፣ ለውጡን ማድረግ፣ ከዚያ ጠቋሚውን ኤክስትማርኩ ወደ ደረሰበት መመለስ ነው። ይህ የሚሳካው ግን ለውጡ በኤንቪም-በፍ-ሴት-ቴክስት ትንሿን ክፍል ብቻ ሲተካ ነው። መስመሩን ሙሉ በሙሉ ከተካችሁት ኤክስትማርኩ የት እንደነበረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቪኤስ ኮድ፦ አስልቶ ማስረከብ

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቪኤስ ኮድ መንገዱ ሌላ ነው። ስክሪፕቱ የሚኖረው በኤክስቴንሽን (በአርታኢው ላይ በሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ውስጥ፣ ከአርታኢው በተለየ ሂደት ነው። በእጁ ያለው የጽሑፉ ቅጂ ነው፤ ለውጥ ሲፈልግ ጥያቄ ያስገባል፤ መልሱም ቆይቶ ይመጣል። ጠቋሚ የሚጓዝበት ፍለጋ የለም። ጽሑፉን በሙሉ እንደ አንድ ስትሪንግ ወስዶ በጃቫስክሪፕት ሬጉላር ኤክስፕረሽን መፈለግ፣ የተገኘውን ቁጥር በፖዚሽን-አት ወደ መስመርና ፊደል መለወጥ ነው አሠራሩ።

ለመፈተኛው ሥራ የሚሆነው ሐረግ ይህ ነው፦

```[^]*?```|(፡፡)

ሐረጉ የኮድ ክፍል ሲያገኝ ሙሉውን ውጦ ያልፋል፤ ካልሆነ «፡፡»ን በቅንፍ ውስጥ ይይዛል። ቅንፉ የያዘ ከሆነ ለውጥ ይመዘገባል፤ ባዶ ከሆነ ይታለፋል። ከኢማክሱ ምልክት መቀያየር የሚለይበት ቦታ አለ፤ ተከፍቶ ያልተዘጋ የኮድ ክፍል ሲያጋጥም ይህ ሐረግ ስለማይዛመድ በውስጡ ያለው «፡፡» ይለወጣል፤ የኢማክሱ ስክሪፕት ግን እስከ መጨረሻ አይነካውም። ኮድን ላለማበላሸት የኋለኛው ጠባይ ይሻላል።

ለውጦቹ በአንድ የኤዲት ጥሪ ሲገቡ ግን ቪኤስ ኮድ ሁሉንም ይበልጣል። ሁሉም ቦታዎች የሚቆጠሩት ከመጀመሪያው ጽሑፍ አንጻር ነው፤ የመጀመሪያው ለውጥ የሁለተኛውን ቦታ አያዛንፍም። ጠቋሚውን፣ ብዙ ጠቋሚዎች ካሉም ሁሉንም፣ አርታኢው ራሱ ያስተካክላል። በአንድ ጊዜም ይቀለበሳል። መደራረብ ብቻ የተከለከለ ነው። ተጠቃሚው በመካከል አንድ ፊደል ቢጽፍ ጥያቄው ውድቅ ይሆንና «ፎልስ» ይመለሳል። ይህን መልስ ሳያዩ የሚያልፉ ኤክስቴንሽኖች አሉ፤ ተጠቃሚው ትእዛዙን ይሰጣል፣ ምንም አይሆንም፣ ምክንያቱም አይነገረውም። እባካችሁ መልሱን ፈትሹ።

ቦታ የሚቆጠረው ከ0 ጀምሮ በዩቲኤፍ-16 ክፍል (ባለ 2 ባይት አሃድ) ነው። ለመደበኛው የግዕዝ ፊደል አንድ ፊደል አንድ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ችግሩ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ የተጨመሩት ፊደላት ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ይቆጠራሉ። በዊንዶውስ የተጻፈ ፋይል ከሆነም የመስመር ማብቂያው ሁለት ምልክት ሆኖ በስትሪንጉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኢማክስ ግን ፋይሉን ሲከፍት ወደ አንድ ይለውጠዋል።

ጠቋሚውን ብቻ ለማንቀሳቀስ ከርሰርሙቭ የተባለ ትእዛዝ አለ፤ አቅጣጫ፣ መለኪያና ብዛት ይቀበላል። አለበለዚያ አዲስ ሴሌክሽን ሠርቶ መስጠት ነው፤ ቦታው በስክሪኑ እንዲታይ ሬቪልሬንጅን መጥራት አይረሳ። ትልቁ ወጪ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ሁለት መስመር ስክሪፕት በማዋቀሪያ ፋይል ጽፎ ለቁልፍ መስጠት አይቻልም፤ ኤክስቴንሽን መሥራት ያስፈልጋል። ከ50 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል ደግሞ ለኤክስቴንሽኖች አይደርስም።

ስለ ሰብላይም ቴክስት ባጭሩ፦ በፓይተን ይታዘዛል፤ ፋይንድ-ኦል የተገኙትን ቦታዎች ሁሉ በዝርዝር ይሰጣል። ለውጥ ሲደረግ ዝርዝሩ ስለማይታደስ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መለወጥ ነው። ይህ ዘዴ ማርከር በሌለበት በየትኛውም አርታኢ ይሠራል።

ስክሪፕት የማያስፈልግበት ጊዜ

ሥራው የአንድ ቀን ከሆነ የቁልፍ ምቶችን መቅዳት ይበቃል። በኢማክስም በቪምም የተቀዳው ማክሮ ፍለጋው ሲያጣ ይቆማል፤ የዙሩ ማብቂያ ያው ነው። በኢማክስ የድግግሞሽ ቁጥር 0 መስጠት እስኪያጣ ድረስ ያስኬደዋል። በቪም ግን ፍለጋው ዞሮ እንዲመለስ ከተደረገ ማክሮው ቀድሞ ወዳለፈባቸው ቦታዎች ይመለሳል፤ ያን ምርጫ ለጊዜው ማጥፋት ነው። ማክሮን ለሌላ ሰው መስጠት አልመክርም፤ በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ቁልፎች ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በሌላ ሰው እጅ ሌላ ነገር ይሠራል።

በፍለጋ ሐረግ አቅም ላይ

ቪምና ጃቫስክሪፕት ከፊት ወይም ከኋላ ያለውን አይተው ሳይወስዱት የሚያልፉ ሐረጎች አሏቸው፤ ኢማክስ የለውም። በምትኩ አግኝቶ በሉኪንግ-አት አካባቢውን መጠየቅ ይለመዳል፤ ይረዝማል፣ ግን ከወር በኋላ ሲነበብ ይገባል። ብዙ መስመሮችን በአንድ ሐረግ ለመዋጥ በኢማክስ አትሞክሩ፤ ጽሑፉ ሲረዝም ማዛመጃው ቁልሉ ሞልቶ ያቆማል። «\\» እየተደራረበ ለዓይን ሲያስቸግር አርኤክስ የተባለው ማክሮ ሐረጉን በቃላት ያስጽፋል።

ቃል የሚለውን ምልክት በተመለከተ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ልዩነት አለ። በቪምም በጃቫስክሪፕትም የተለመደው የቃል ፊደል ምልክት ላቲን ፊደላትን፣ አሃዞችንና የስር መስመርን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የአማርኛ ቃል አያገኝም። በቪም የቁልፍ ቃል ምልክቱን፣ በጃቫስክሪፕት የዩኒኮድ ፊደል መደብን መጠቀም ያስፈልጋል። በኢማክስ ግን ቃል የሚወሰነው በሲንታክስ ሠንጠረዥ ነው፤ የግዕዝ ፊደላት እንደ ቃል፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ እንደ ሥርዓተ ነጥብ አስቀድመው ተመዝግበዋል።

ባዶ ሊዛመድ የሚችል ሐረግ በሁሉም ዘንድ አደገኛ ነው። የመስመር መጀመሪያን ብቻ የሚፈልግ ዙር በኢማክስ ፖይንትን ካላራመደ እዚያው ይቆማል፤ በጃቫስክሪፕትም ኤክስክን በዙር የሚጠራ ሰው ያው ይደርስበታል፤ ማችኦል ግን ራሱ ይራመዳል።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ስክሪፕቶቻችሁ ጽሑፍን እየተከተሉ ደረጃ በደረጃ የሚወስኑ ከሆነ፣ በተለይ ከላቲን ውጭ ባለ ጽሑፍ ላይ፣ ያለ ማመንታት ኢማክስን እመርጣለሁ። በፊደል መቁጠሩና ማርከሩ ብቻ ለውሳኔው ይበቁኛል። እጃችሁ የቪምን ቁልፎች ከለመደና ሥራው በመስመር የሚከፈል ከሆነ ቪም አይከዳችሁም፤ አዲስ ለምትጀምሩ ግን በኤክስትማርክ ምክንያት ኒኦቪምን አስቀድማለሁ። መሣሪያው ለሌሎች የሚታደል ከሆነ፣ ተጠቃሚዎቹም ቪኤስ ኮድ ከፍተው የሚውሉ ከሆነ፣ የኤክስቴንሽኑን ድካም መቀበል ይገባል።

ፈተና ላይም ይለያያሉ። ኢማክስ በባች ሁነታ ያለ መስኮት ይነሳል፤ በጊዜያዊ ባፈር ጽሑፍ አስገብቶ፣ ስክሪፕቱን አስኪዶ፣ የቀረውን ጽሑፍና ፖይንትን ማነጻጸር ጥቂት መስመር ነው። ኒኦቪምም በሄድለስ ሁነታ እንዲሁ ይሠራል። ቪኤስ ኮድ ለሙሉ ፈተና አርታኢውን ራሱን ማስነሳት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ስትሪንግ ተቀብሎ የለውጦች ዝርዝር የሚመልሰውን ፈንክሽን ከአርታኢው ጥሪዎች ለይታችሁ ጻፉት፤ ያ ክፍል በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከአርታኢው ውጭ በሚያስኬደው ፕሮግራም) ብቻ ይፈተናል። ለመፈተኛው ሥራችን የሚበቁ ናሙናዎች አምስት ናቸው፦ ባዶ ፋይል፣ በ«፡፡» የሚጀምር ፋይል፣ በ«፡፡» የሚያበቃና አዲስ መስመር የሌለው ፋይል፣ ያልተዘጋ የኮድ ክፍል ያለበት ፋይል፣ እና ጠቋሚው በሁለቱ «፡» መካከል የቆመበት ፋይል።